የአራቱ ጎማዎች ምስክርነት

(አዳማ፣ ከፍጥነት መንገዱ መውጫ ወረድ ብሎ ባለው የድሪባ ጎሚስታ ቤት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ የቀይዋ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና የኋላ ጎማዎች ወልቀው መሬት ላይ ተኝተዋል፤ ባለቤቷ ጡረተኛው ዳኛ አቶ ዘርይሁን እንቅልፍ ካጡ ሳምንት ሆኗቸዋል፣ ሙቀቱም አድክሟቸዋል፣ ግን ከፕላስቲክ ወንበራቸው ሳይነሡ ጎሚስታውን ይሞግቱታል።)

ድሪባ፦ አልሄድም አልኩ እኮ ጋሼ! ሽማግሌ ፊት ቀርቤ ስለ ሰው ልጅ ምን እላለሁ? እኔ የማውቀው ጎማ ነው።

ዳኛው፦ እኔስ መቼ ስለ ልጁ ተናገር አልኩህ? ስለ ጎማው ተናገር። «ይህ ጎማ በአራት ወር ያለቀው ሲያሽከረክሩበት፣ ሲያጨሱት ነው» ትላለህ፤ ትመለሳለህ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ድሪባ፦ አምስት ደቂቃ! እርስዎ ችሎት ላይ ሳሉ በአምስት ደቂቃ ያበቃ ምስክር አይተው ያውቃሉ?

ዳኛው፦ አላየሁም። በል ቀልዱን ተወውና እጅህን ታጠብ። ሽማግሎቹ ዘጠኝ ሰዓት ቤቴ ይገባሉ።

ድሪባ፦ ጎማውንስ? ተሸክመን ልንሄድ ነው?

ዳኛው፦ አንዱን ብቻ። ኤግዚቢት ይሆናል።

ድሪባ፦ ኤግዚቢት! ጋሼ ዘርይሁን፣ የገዛ ልጅዎ እኮ ነው። አብነት ነው!

ዳኛው፦ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አታስታውሰኝ።

ድሪባ፦ ከቤት ካባረሩት ስንት ጊዜ ሆነ?

ዳኛው፦ አላባረርኩትም። «ጥፋትህን አምነህ ይቅርታ ጠይቅ፣ አለዚያ በእኔ ጣራ ሥር አታድርም» ነው ያልኩት። መሄዱን የመረጠው እሱ ነው። አርባ ቀን ሆነው።

ድሪባ፦ ይኼ ማባረር ካልተባለ እኔም ጎሚስታ አልባልም።

ዳኛው፦ አንተም ጀመርከኝ? እናቱ ትበቃኛለች። ከዚያን ቀን ወዲህ «አንቱ» ነው የምትለኝ። ሠላሳ አራት ዓመት «አንተ» ስትለኝ የኖረች ሴት ምሳዬን ታቀርብና «ይብሉ» ብላ ትወጣለች። በገዛ ቤቴ እንግዳ አደረገችኝ። ደክሞኛል ድሪባ። ሌሊት ጣራ ሳይ አድራለሁ።

ድሪባ፦ ሽማግሎቹን የላከው ማነው?

ዳኛው፦ ራሱ ነው። ነገ ጠዋት ድሬዳዋ ይሄዳል፤ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝቷል። እኔ ሳልመርቀው መሄድ አልሆንልህ አለው። መምህር ላቀውን ከዕድራችን ሁለት ሰው አስከትሎ ላከብኝ። እኔ ደግሞ ምዬአለሁ፤ ጥፋቱን ሳያምን እጄን ራሱ ላይ አልጭንም ብያለሁ።

ድሪባ፦ ሳይመረቅ ከሄደስ?

ዳኛው፦ ሳይመረቅ ከሄደ አይመለስም። አውቀዋለሁ፤ እልኸኛ ነው።

ድሪባ፦ ከየት አመጣው ይባላል!

ዳኛው፦ ጎማውን እይ አልኩህ እኮ!

ድሪባ፦ እያየሁት ነው። ጎማ ነው። ጎማ ደግሞ ያልቃል።

ዳኛው፦ ያልቃልማ። ሚኒባስ ከጧት እስከ ማታ ሰው ጭኖ ሁለት ዓመት የሚሄድበት ጎማ በአራት ወር እንዴት ያልቃል? እየው መሐሉን። ተላጭቷል። ጥርስ የሚባል አልቀረውም።

ድሪባ፦ ለቀባሪው አረዱት አሉ። ለእኔ ስለ ጎማ ጥርስ ይነግሩኛል።

ዳኛው፦ ታዲያ ምነው ዝም አልክ?

ድሪባ፦ ወገቤን ያዘኝ።

ዳኛው፦ አሁን ስትጎነበስ አልያዘህም። ጎማውን ስታገላብጠው ነው የያዘህ።

ድሪባ፦ ጋሼ፣ ይኼ እኮ እንደ ሌላው ጎማ አይደለም። ላጲስ ያውቃሉ አይደል? ጠንካራው ላጲስ አያልቅም፣ ግን ወረቀቱን ይቧጭራል እንጂ በደንብ አያጠፋም። ለስላሳው ግን ጥርት አድርጎ ያጠፋል፣ ራሱም አብሮ ያልቃል። የስፖርት መኪና ጎማ ለስላሳው ላጲስ ነው። መንገዱን የሚይዘው ራሱን እየጨረሰ ነው። የሚኒባሱ ጎማ ጠንካራው ነው። ሁለቱን ማወዳደር ደግ አይደለም።

ዳኛው፦ እንግዲያው በአራት ወር ማለቁ ደንብ ነው ትላለህ?

ድሪባ፦ እሱን እንኳ አላልኩም።

ዳኛው፦ አየህ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነብኝ ይህች መኪና። ጡረታ ስወጣ አንድ ነገር ለራሴ ላድርግ ብዬ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ጥቁር ካባ ለብሼ ቀይ አማረኝ። ሰው ሳቀ፤ ይሳቅ አልኩ። ልጄን ትወስድብኛለች ብዬ ግን አላሰብኩም።

ድሪባ፦ ለመሆኑ ምን አይተው ነው እሱን የጠረጠሩት?

ዳኛው፦ ሦስት ማስረጃ አለኝ። አንደኛ፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ አዲሱ አስፋልት ላይ ልጆች እሑድ እሑድ መኪና ባለችበት እያሽከረከሩ፣ ጎማ እያቃጠሉ ጭስ ያስነሣሉ። ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። ቀይ መኪና አለችበት።

ድሪባ፦ ሰሌዳዋ ታየ?

ዳኛው፦ በጭሱ መሐል የምን ሰሌዳ! ቀይ ናት።

ድሪባ፦ ቲማቲምም ቀይ ነው።

ዳኛው፦ ሁለተኛ፣ ጎረቤቴ ሲስተር ዘነበች ልጁ መኪናዋን ይዞ ሲገባ ጎማዋ ሲጮህ ሰምታለች። ከቤት ወጥታ እስክታይ ድረስ ይጮሃል። ሦስተኛ፣ ይኸው።

ድሪባ፦ ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ፖስታ?

ዳኛው፦ ዱቄቱ ነው። ጥቁሩ ዱቄት። ይህ ከፊት ቸርኬ የተወሰደ፣ ይህ ከኋላ፣ ይህ ከጎማው በላይ ካለው ፓራፋንጎ ውስጥ። ቀኑንና ሰዓቱን ጽፌበታለሁ። በጨርቅ ጠርገህ ሳምንት አይሞላም፣ ተመልሶ ይሞላዋል። የተቃጠለ ጎማ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ድሪባ፦ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉዎታል ይኼ ነው።

ዳኛው፦ አፍህን ሰብስብ!

ድሪባ፦ ይቅርታ ጋሼ። ሙቀቱ ነው። እስቲ የፊቱን ፖስታ ይስጡኝ። እዚህ ወረቀት ላይ ትንሽ ያፍስሱት። በቃ በቃ። አሁን ይኼን ያውቁታል?

ዳኛው፦ ድንጋይ?

ድሪባ፦ ማግኔት ነው፤ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ። ብሎን ሲጠፋብኝ ሣር ውስጥ የምፈልግበት። ከወረቀቱ ሥር ላድርገውና ይዩ።

ዳኛው፦ ተንቀሳቀሰ።

ድሪባ፦ ጎማ ማግኔት ይከተላል?

ዳኛው፦ አይከተልም።

ድሪባ፦ ብረት ነው። የፍሬኑ ሸራ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ሲይዘው ሁለቱም ይፋጫሉ፤ ያ ዱቄት ቸርኬው ላይ ይቀመጣል። ጋሼ፣ ይህ ሁሉ የፍሬን ዱቄት ነው። ይህን ያህል የሚፈጭ ሰው ፍሬን ላይ ቆሞ የሚነዳ ሰው ነው። አብነት እንዲህ ይነዳል?

ዳኛው፦ እሱ የሚነዳት ማታ ማታ ነው፣ እኔ ሲመሽ መንገዱ ስለማይታየኝ። ዓይኔን ለመታየት አዲስ አበባ ስሄድም እሱ ነው የሚወስደኝ። ነበር። ቀን ቀን እኔ ነኝ የምነዳት።

ድሪባ፦ እርስዎ ሲነዱ አይቻለሁ። ከዚህ ወጥተው እስከ አደባባዩ ድረስ የኋላ መብራትዎ አንዴም አይጠፋም።

ዳኛው፦ ጥንቃቄ ነው!

ድሪባ፦ ጥንቃቄ ነው። ዱቄቱ ግን የእርስዎ ነው።

ዳኛው፦ ሁሉም አልሄደም። ይኸው፣ ማግኔቱ ያልወሰደው አለ። ጥቁር ነው። ይሄስ?

ድሪባ፦ እሱ ጎማ ነው። ከአፈር ጋር የተቀላቀለ ጎማ።

ዳኛው፦ አሁን ተናገርክ!

ድሪባ፦ ይረጋጉ እንጂ። ጥርስ ያለው አዲስ ጎማ ሆኖ ይገባል፣ ተላጭቶ ይወጣል። በመሐል ያለው ጎማ የት የሄደ ይመስልዎታል? መንገድ ላይ ነው የተፈጨው። የእርስዎም፣ የኔም ሳይክል፣ የአምቡላንሱም። በሄዱ ቁጥር ይረግፋል። ይህንን የጣለ ሁሉ ወንጀለኛ ከሆነ አዳማ በሙሉ ይታሰራል። የተቃጠለ ጎማ ግን እንዲህ አይደለም። ሲያሽከረክሩበት ይቀልጥና እየተጠቀለለ ክር ክር ሆኖ ይወጣል፤ ፓራፋንጎ ውስጥ እንደ ማስቲካ ይለጠፋል። በጥፍር ነው የሚላቀቀው። እጅዎን ወደ ውስጥ ይስደዱ እስቲ።

ዳኛው፦ እዚህ?

ድሪባ፦ ከላይ ከላይ። ወደ ጥጉ።

ዳኛው፦ አቧራ ነው።

ድሪባ፦ የተለጠፈ ነገር አለ?

ዳኛው፦ የለም። ታጥቦ ይሆናል።

ድሪባ፦ ታጥቦማ አይወጣም አልኩዎት። ደግሞ ከታጠበ ያን ሁሉ አቧራ ማን ነሰነሰበት?

ዳኛው፦ እሺ ዱቄቱን ተውነው። ዱቄት ውድቅ ይሁን። ጎማው መሐል ላይ ለምን ተላጨ?

ድሪባ፦ መንገዱም... ሙቀቱም አለ እንግዲህ። ይተዉት ጋሼ። አዲስ ያስገጥሙ፣ ልጅዎን ይመርቁ፣ ነገሩ ይለቅ።

ዳኛው፦ ድሪባ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዬ ዓይኑን የሚያሸሽ ሰው ማየት ነበር።

ድሪባ፦ ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው።

ዳኛው፦ ፀሐይዋ ከጀርባህ ናት። ለማንኛውም አንተን መለመኔም ለወጉ ነው። ነገሩ አልቋል። ጠዋት መምህር ላቀው ደውሎልኛል፤ ልጁ አምኗል።

ድሪባ፦ አምኗል? ምን አድርጌአለሁ ብሎ?

ዳኛው፦ መኪናዋን ሳላስፈቅድ ወስጄ ከጓደኞቼ ጋር አሽከርክሬባታለሁ፣ ጎማዋን የጨረስኩት እኔ ነኝ ብሎ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት በሽማግሎቹ ፊት ይናገራል፣ ጉልበቴን ይስማል፣ እመርቀዋለሁ።

ድሪባ፦ እንዲህ አለ? አብነት ራሱ?

ዳኛው፦ ራሱ።

ድሪባ፦ ታዲያ ካመነልዎ እኔን ለምን ፈለጉኝ?

ዳኛው፦ አመንኩ ስላለ ብቻ ማንንም ቀጥቼ አላውቅም። ማስረጃ ይደግፈው ብዬ ነው። ደግሞ... ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ደስ ሊለኝ ሲገባ አላለኝም።

ድሪባ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ዳኛው፦ ምን አልክ?

ድሪባ፦ ይነሡ ጋሼ። የፊቱንም ላውልቅልዎ።

ዳኛው፦ የፊቱ ምን ያደርግልኛል? ኢንተርኔቱም የሚለው የኋላውን እይ ነው።

ድሪባ፦ ለዚህ ነዋ የፊቱን ያላዩት። ይቺ መኪና የምትገፋው በኋላ እግሯ ነው። የሚያሽከረክር ሰው የሚጨርሰው የኋላውን ነው፤ የፊቱ እንደ አዲስ ይቀራል። ቆይ... ሁለቱም ወጡ። አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑና አንዱን በመዳፍዎ ይዳስሱት። መሐሉን። ከዚያ ዳሩን።

ዳኛው፦ መሐሉ ልስልስ ብሏል። ዳሩ ጥርስ አለው።

ድሪባ፦ የኋላውንም ይዳስሱ።

ዳኛው፦ ያው ነው።

ድሪባ፦ ያኛውንስ?

ዳኛው፦ ያው። ድሪባ፣ ሁሉም ያው ናቸው።

ድሪባ፦ አራቱም መሐል መሐላቸውን ነው ያለቁት። ይህን ልጅ አያደርገውም፤ ቢፈልግም አይችልም። ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይላሉ፤ ልናገር። ንፋስ ነው። ከልክ በላይ ሲሞላ ጎማው መሐሉ ይነፋል፣ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ይገፋል። መሬት የሚነካው መሐሉ ብቻ ይሆናል። ዳርና ዳሩ አይሠራም፤ መሐሉ የአራት ሰው ሥራ ይሠራል።

ዳኛው፦ ንፋሱን የሚሞላው ማነው?

ድሪባ፦ እኔ ነኝ። ይበሉ፣ ይስደቡኝ።

ዳኛው፦ መለኪያ የለህም እንዴ?

ድሪባ፦ አለኝ። ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ አይቼው አላውቅም። ጋሼ፣ እኔ ዐሥር ዓመት የጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ረዳት ነበርኩ። በየቆምንበት ወርጄ ጎማ በዱላ እመታለሁ። ድምፁ ጥርት ካለ ሞልቷል፤ ዱብ ካለ ጎሏል። መለኪያ የሚይዝ ረዳት ይሳቅበት ነበር። እስከ ዛሬም የማንንም ጎማ በዱላዬ ነው የማውቀው፤ ሚኒባስም አይሱዙም አሳስቶኝ አያውቅም። የእርስዎን ግን እመታዋለሁ፣ ዱብ ይላል። እጨምራለሁ፣ ዱብ ይላል። ጎኑ ሁለት ጣት የማይሞላ፣ ደረቅ ነው ለካ፤ ቢሞላም አይጠራም። እኔ ግን እንደ አይሱዙ እስኪጮህልኝ ድረስ ነፋሁት።

ዳኛው፦ መለኪያውን አምጣ።

ድሪባ፦ ይዤዋለሁ። እርስዎ ያንብቡት፤ እኔ ዛሬ ዓይኔንም አላምነው።

ዳኛው፦ ሃምሳ... ሃምሳ አራት።

ድሪባ፦ የሹፌሩን በር ይክፈቱና ከጎኑ የተለጠፈውን ወረቀት ይዩ። ስንት ይላል?

ዳኛው፦ ሠላሳ ሦስት።

ድሪባ፦ ይኸው ነው እንግዲህ። እርስዎም በመጡ ቁጥር «ጠንከር አድርግልኝ፣ ቶሎ ቶሎ አላመላልሳት» ይሉኝ ነበር። ጥፋቴን ላጋራዎ ብዬ አይደለም።

ዳኛው፦ አጋራኝ። እውነት ነው፣ እል ነበር። ጩኸቱስ? ዘነበች የሰማችው?

ድሪባ፦ ሃምሳ አራት የተነፋ ጎማ ባዶ ሸክላ ወለል ላይ ሲዞር ቢጮህ ይገርማል? የእርስዎ ግቢ ሸክላ አይደል? ቆሞም ቢዞር ይጮሃል። መሬት አይዝማ። ዝናብ ሲሆንማ ይባስ ነው፣ ኩርባ ላይ ያንሸራትታል።

ዳኛው፦ ያንሸራትታል።

ድሪባ፦ ምነው ጋሼ? ይቀመጡ እስቲ። ውሃ ላምጣ?

ዳኛው፦ ነግሮኝ ነበር።

ድሪባ፦ ማን?

ዳኛው፦ አብነት። «አባዬ፣ መኪናዋ ኩርባ ላይ ትሸሻለች፣ ጎማዋን ለጎሚስታው አሳየው» ብሎኛል። ሁለት ጊዜ። አንዴማ ከአዲስ አበባ ስንመለስ ዝናብ ነበር፣ እኔ አጠገቡ እንቅልፍ ወስዶኛል። ቤት ስንገባ ልጁ በዝናቡ ወርዶ ጎማዎቹን ይዳስስ ነበር።

ድሪባ፦ እርስዎስ ምን አሉት?

ዳኛው፦ «ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት። ኋላም ጎማው አልቆ ሳየው፣ «ለዚህ ነበር ለካ አስቀድሞ ሰበብ ያበጀው» አልኩ። የነገረኝን ነገር ማስረጃ አደረግሁበት ድሪባ። ልጄ በእኔ ጎማ ሊሞት ነበር፣ እኔ ፖስታ ላይ ቀን እጽፍ ነበር።

ድሪባ፦ እግዜር አትርፎታል። ያንን ያስቡ።

ዳኛው፦ ታዲያ ለምን አመነ? ያላደረገውን ለምን አደረግሁ ይላል?

ድሪባ፦ አያ ጅቦ ሳታመሃኝ ብላኝ ብሎ ነዋ! ነገ ሊሄድ ነው። ምርቃትዎን ይፈልጋል። እርስዎ ምለዋል፣ እርስዎ አይመለሱም። ሽማግሎቹም «ልጅ ነህ፣ ዝቅ በል፣ ይለፍ» ሳይሉት አይቀሩም። ሌላ ምን መንገድ ተዉለት?

ዳኛው፦ ...ስንት ሰዓት ነው?

ድሪባ፦ ለዘጠኝ ሃያ አምስት ጉዳይ።

ዳኛው፦ ስማኝ። ምናልባት ዝም ብንለውስ? ልጁ ዝቅ ለማለት ወስኗል። ሽማግሎቹ ጨርሰውታል። እናቱም ምግብ አሰናድታለች፤ ጠዋት ሽንኩርት ስትከትፍ ሰምቻለሁ፣ ድምፅዋም ተሻሽሏል። አምኛለሁ ይበል፣ ልመርቀው፣ ይሂድ። ለፋሲካ ሲመጣ ለብቻችን ሆነን እነግረዋለሁ። አሁን ገብቼ «እኔ ነኝ ጥፋተኛው» ብል ያ ሁሉ ሰው... መምህር ላቀው ነገ ዕድሩ ላይ ምን ይላል? ደክሞኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ?

ድሪባ፦ ይባላል። እስኪጠራ ድረስ ግን ልጁ ምን ይዞ ያድራል?

ዳኛው፦ ምርቃቴን።

ድሪባ፦ በሐሰት የገዛውን። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ? አይቆጡም?

ዳኛው፦ ለመቆጣት ጉልበት የለኝም።

ድሪባ፦ እኔም አንዴ እርስዎ ፊት አምኛለሁ።

ዳኛው፦ አንተ? ችሎት ላይ?

ድሪባ፦ ዐሥራ ሁለት ዓመት ይሆነዋል። የእግረኛ መንገድ ላይ አሮጌ ጎማ ከምረህ መንገድ ዘግተሃል ተባልኩ። ጎማው የኔ አልነበረም። ጎን ለጎኔ የነበረው ሰውዬ ሱቁን ዘግቶ ሲጠፋ ትቶት የሄደው ነው።

ዳኛው፦ አላስታውስህም።

ድሪባ፦ ከየት ያስታውሱኛል? በዚያን ቀን ሃያ ሰው ነበርን።

ዳኛው፦ ታዲያ ያንተ ካልሆነ ለምን አመንክ?

ድሪባ፦ ቀጠሮው መረረኛ! ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በየቀጠሮው ሱቄን እዘጋለሁ። በአራተኛው «ጥፋተኛ ነህ?» ሲሉኝ «አዎ ነኝ» አልኩና ወጣሁ። ቀላል ቅጣት ነበር፤ እሱን ረስቼዋለሁ። ግን ይኸውልዎ እስከ ዛሬ፣ እርስዎ እዚህ መጥተው «ድሪባ እንደምን ዋልክ» ባሉኝ ቁጥር ሆዴ ውስጥ «ይህ ሰውዬ ጥፋተኛ መሆኔን ነው የሚያውቀው» ይላል። ደግ ሰው ነዎት፣ እወድዎታለሁ። ቢሆንም ይላል።

ዳኛው፦ አመነ ተብሎ ብቻ አልፈርድም ነበር እኮ! ማስረጃ አይ ነበር!

ድሪባ፦ ማስረጃማ ነበር። ጎማው ደጄ ላይ ነዋ። በአካባቢው ያለሁት ጎሚስታ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ማን ይጠረጠር?

ዳኛው፦ ለምን «የኔ አይደለም» ብለህ አልነገርከኝም?

ድሪባ፦ ነግሬዎት ነበር። በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ ከነሰውዬው ስም። ያን ቀን እርስዎም ደክሞዎት ነበር።

ዳኛው፦ እኔን ሲደክመኝ ሌላው ይከፍላል ማለት ነው። ይህን ያህል ዘመን።

ድሪባ፦ እንዲያ ለማለት አይደለም...

ዳኛው፦ ነው እንጂ። ድሪባ፣ ያን ነገር አላደረግህም። አሁን ዋጋ ባይኖረውም ሰምቼሃለሁ።

ድሪባ፦ ዋጋስ አለው። አመሰግናለሁ።

ዳኛው፦ ጎማዎቹን መልሰህ ግጠምልኝ።

ድሪባ፦ አራቱንም? ብሎኑን አጥብቄ፣ ንፋሱን ቀንሼ፣ ከክሪክ አውርጄ... ሠላሳ ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

ዳኛው፦ ሠላሳ ደቂቃ የለኝም። ልጁ አፉን ሳይከፍት መድረስ አለብኝ። አንዴ ከአፉ ከወጣ፣ በእናቱና በሽማግሌ ፊት «አጥፍቻለሁ» ካለ፣ እኔ የፈለግሁትን ብናገር ለእርቅ ብሎ ነው ይሉኛል። ቃሉ ተጣብቆበት ይቀራል። ባጃጅ አስቁምልኝ።

ድሪባ፦ እርስዎ? በባጃጅ?

ዳኛው፦ አስቁም አልኩህ!

ድሪባ፦ አንተ! ባጃጅ! ና ወዲህ! ጋሼ ቀስ ይበሉ፣ ኮትዎ በግሪስ ተነክቷል። ፖስታዎቹን ልያዝልዎ?

ዳኛው፦ ጣላቸው።

ድሪባ፦ እኔም አብሬዎ እመጣለሁ። ንፋሱን የሞላሁት እኔ ነኝ ብዬ ራሴ እናገራለሁ። እርስዎ ወንበርዎ ላይ አረፍ ብለው ይስሙኝ፣ ክብርዎም አይወርድም።

ዳኛው፦ ያንተን ኋላ ትናገራለህ። መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ። ደግሞ አልቀመጥም ድሪባ፤ ተከሳሽ በገዛ ፈቃዱ አይቀመጥም። ልጄ ተቀመጥ እስኪለኝ ቆሜ እጠብቃለሁ።